ሰባተኛ ወሯን ይዛ የሁለት ወር መኖ

በዚህ ሳምንት የምመልሰው ደብዳቤ ከፍኖተ ሰላም የተላከ ነው። ጸሐፊዋ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን እንዲህ አሳጥሬዋለሁ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለጥምቀት ከባሕር ዳር የመጣው ያክስቴ ልጅ የሁለት ወር ጥንቸል ሰጠኝ። መልኳ አመድማ ስለሆነ ዳለቻ አልኳት። አጎቴ ለወተት ላሞቹ አልፋልፋ ስለሚያበቅል ከእሱ እያጨድኩ በየቀኑ እሰጣታለሁ። ጠዋት ፉሩሽካ፣ ቀን ካሮት፣ ማታ ደግሞ እንጀራ ወይም ዳቦ ትበላለች። አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ድርቆሽ ሲቀርብላት አሽትታ ትተወዋለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጥቁር የሚያጣብቅ ነገር መቀመጫዋ ላይ እየተለጠፈ ያስቸግረኛል። መድኃኒት ቤት ጠይቄ አሞክሳሲሊን ሰጡኝ፤ ግን ፈርቼ እስካሁን አልሰጠኋትም። እናቴ ደግሞ ንጋት ላይ የራሷን በጠጥ ስትበላ አይታት ‹ይቺን ከቤቴ አውጪልኝ› ብላኛለች። አንዲት ጎረቤታችን ጥንቸል ውኃ አይሰጣትም ይላሉ፤ እውነት ነው? ክረምት ሲገባስ ምን ላብላት?»

ልጄ፣ መፍራትሽ ዳለቻን አትርፏታል። ያንን መድኃኒት አንቺም አትስጫት፣ ሌላ ሰውም እንዲሰጣት አትፍቀጂ። አሞክሳሲሊን ለሰው ደህና መድኃኒት ነው፤ ለውሻም ይታዘዛል። ጥንቸል ግን በአፏ ከወሰደችው ሆዷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ፈጅቶ መርዝ ለሚያመነጩት ቦታ ይለቅላቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተቅማጥ ብዙ ጊዜ የሚድን አይደለም። አምፒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲንና ሊንኮማይሲንም በአፍ ከተሰጡ እንደዚያው ናቸው። የሰው መድኃኒት ቤት ይህን እንዲያውቅ አይጠበቅም፤ ስለዚህ አልቀየማቸውም። የጥንቸል ሕመም የሚጠየቀው የእንስሳት ሐኪም ነው።

አሁን ወደ ተለጠፈው ነገር እንምጣ። ከሁሉ አስቀድመሽ ተቅማጥ መሆን አለመሆኑን መለየት አለብሽ፤ ሁለቱ ጉዳዮች ጨርሶ አይገናኙምና።

ጥንቸል የምትጥለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀኑን ሙሉ በየጥጉ የምታገኚው ክብ በጠጥ ነው። አንዱን አንስተሽ በጣትሽ ፈርክሺው፤ ውስጡ የሳር ብናኝ ብቻ ነው፣ ሽታም የለውም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ብዙ አሳዳጊ ዓመት ሙሉ ሳያየው የሚያልፈው ነው፦ ትንንሽ ለስላሳ ፍሬዎች አንድ ላይ ተጣብቀው፣ ዝልግልግ ባለ ነገር ተሸፍነው የሚያብረቀርቁ፣ ቀለማቸው ጠቆር ያለ፣ ሽታቸውም ጠንከር ያለ። ጤነኛ ጥንቸል ይህን ለስላሳውን መሬት ሳይነካ ጎንበስ ብላ ከመቀመጫዋ ተቀብላ ትውጠዋለች። ይህን የምታደርገው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊትና ንጋት ላይ ነው። እናትሽ ያዩት ይህንን ነው።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። የበላችው ሳር ትንሹን አንጀት ካለፈ በኋላ ሻካራው አሰር በቀጥታ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ በጠጥ የሚሆነው እሱ ነው። ደቃቁ ግን ዕውር አንጀት ወደሚባለው ሰፊ ከረጢት ይመለሳል። እዚያ እልፍ ባክቴሪያ ይቀበለዋል፣ ያብላላዋል፣ ከእሱም ፕሮቲንና የቢ ቫይታሚኖችን ይሠራል። ችግሩ ይህ ከረጢት የሚገኘው ከትንሹ አንጀት በኋላ ነው፤ የተሠራው ምግብ በደንብ ሳይመጠጥ ሊወጣ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ አሳልፋው በአፏ መልሳ ታስገባዋለች። ላም ከሆዷ ወደ አፏ መልሳ ታመሰኳለች፤ ጥንቸል ግን ማስመለስ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ጨጓራዋ ወደ ላይ አይመልስም። ያንኑ የማመስኳት ሥራ በሌላ በኩል ዞራ ትሠራዋለች። ለእናትሽ አስረጃቸው፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይም ጥንቸል ከሚያመሰኩት ጋር ተቆጥራለች፣ ለመበላት ያልተፈቀደችው ሰኮናዋ ስላልተሰነጠቀ ነው። ይህን ስታደርግ መከልከል አይገባም፤ ከተከለከለች ምግብ ይጎድላታል።

እንግዲህ ነገ ጠዋት አንድ ነገር እዪልኝ። በጎጆዋ ውስጥ ክብና ደረቅ በጠጥ በብዛት አለ? ካለ፣ የተለጠፈባት ተቅማጥ ሳይሆን ሳትበላው የቀረ ለስላሳው ነው። ይህ የሚሆነው ምግቧ ከልክ በላይ ሲመቻት ነው። ፕሮቲኑና ስታርቹ (በእንጀራና በዳቦ ውስጥ ያለው የዱቄት ምግብ) ከበዛ ለስላሳው ከመጠን በላይ ይሠራል፣ እሷም ስለምትጠግብ ትተወዋለች። ከወፈረች ደግሞ አንገቷ ወደ ኋላ አይደርስላትም። የዘረዘርሽልኝን ምግብ ሳየው ይህ ይመስለኛል። በአንጻሩ ደረቅ በጠጥ ጨርሶ ከሌለና የሚወጣው ሁሉ ውኃ ከሆነ እውነተኛ ተቅማጥ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይዘሻት ሂጂ። ነገ እስኪነጋ የሚጠበቅ አይደለም።

የተለጠፈውን ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ አለስልሰሽ አንሺው። ገላዋን በሙሉ አትጠቢያት፤ ጥንቸል ውኃ ውስጥ ስትነከር በጣም ትደነግጣለች፣ ጸጉሯም ቶሎ አይደርቅም። በየቀኑ ማየትሽን ግን አትተዪ። በክረምት ዝንብ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ጸጉር ላይ እንቁላል ይጥላል፣ ትሉም ቆዳዋን ይበላዋል።

ሆዷ የተረበሸው ለምንድን ነው ብትዪኝ፣ ያቀረብሽላት ምግብ ሁሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጊዜው አልፎበት ነው። አልፋልፋው ስታመጪያት ትክክል ነበር፤ አሁን ግን ዕድሜዋ ጥሎት ሄዷል።

ሌሎች አንባቢዎችም እንዲጠቀሙ ከሥሩ ልጀምር። የጥንቸል እናት ልጆቿን የምታጠባው በቀን አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው፤ እሱም ለጥቂት ደቂቃ። ወተቷ እጅግ የወፈረ ስለሆነ ይበቃቸዋል። ስለዚህ እናትየዋ ቀኑን ሙሉ ከልጆቿ ርቃ ስትቀመጥ ያየ ሰው ጣለቻቸው ብሎ የላም ወተት ለማጠጣት አይቸኩል። ዓይናቸው በ10 ቀን ገደማ ይገለጣል፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከጎጇቸው ወጥተው ሳር መቅመስ ይጀምራሉ። ከዚያ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ ወተቱ እየቀነሰ ሳሩ እየበዛ ይሄዳል፣ ባክቴሪያዎቹም በዕውር አንጀታቸው ውስጥ ቦታ የሚይዙት በዚህ ወቅት ነው። ብዙ ግልገል የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የጡት ወተት ከተቅማጥ ይከላከልለት ነበር፤ ያ መከላከያ ሲቆም አንጀቱ ገና አልጠነከረም። ሻጮች ደግሞ ትንሿ ስለምታምር በአራትና በአምስት ሳምንቷ ከእናቷ ነጥለው ያቀርቧታል። ያክስትሽ ልጅ ሁለት ወር ጠብቆ መስጠቱ ትልቅ ውለታ ነው፣ አመስግኚልኝ።

ከሁለት ወር እስከ ስድስት ወር አጥንት የሚሠራበት ጊዜ ነው። ፕሮቲንና ካልሲየም በብዛት ትፈልጋለች። አልፋልፋ ሁለቱም ስላለው ለዚህ ዕድሜ የሚሆን መኖ ነው፤ ከእሱ ጋር የሳር ድርቆሽ እንደልቧ ቢቀርብላት ሙሉ ምግብ ነው። ጥቂት ፉሩሽካም አይጎዳትም። አንቺ ያጎደልሽው ድርቆሹን ነው። በልጅነቷ ያልለመደችውን አሁን ብታሸት ብትተወው አትፍረጂባት።

ስድስተኛውና ሰባተኛው ወር ላይ እድገቷ ያቆማል። የአብዛኛው እንስሳ ሰውነት ካልሲየም ከምግብ የሚቀበለው የሚያስፈልገውን ያህል ነው፤ የጥንቸል ግን ያገኘውን ሁሉ ወደ ደም ያስገባና ትርፉን በኩላሊት ያስወጣል። ያደገች ጥንቸል ዕድሜ ልኳን አልፋልፋ ስትበላ ሽንቷ ወፍሮ እንደ ኖራ ሊጥ ይሆናል፣ ሲብስም ፊኛዋ ውስጥ ጠጠር ይሠራል። የጥንቸል ሽንት በተፈጥሮው ደፍረስ ሊል፣ አንዳንዴም ቀላ ሊል ይችላል፤ በዚያ አትደንግጪ። ደርቆ ወለሉ ላይ ወፍራም ነጭ ዱቄት ከተወ ግን ልብ በዪ።

ስለዚህ አልፋልፋው ይወጣል፣ ሳር ይገባል። ግን በአንድ ቀን አይደለም። ባክቴሪያዎቹ የለመዱት ምግብ በድንገት ሲቀየር ይሞታሉ፣ መጥፎዎቹም ይነሳሉ። አራት ሳምንት ስጪው። በመጀመሪያው ሳምንት ከአራት ጭብጥ አንዱን ጭብጥ የሳር ድርቆሽ አድርጊው፣ በሁለተኛው ሁለቱን፣ በሦስተኛው ሦስቱን፤ በአራተኛው መጨረሻ አልፋልፋው ይቀራል። በጠጧ ከሳሳ ወይም ካነሰ ባለችበት ደረጃ ለጥቂት ቀን አቁሚያት እንጂ አትሩጪ። እንጀራና ዳቦው ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፤ ለእሱ ማላመጃ አያስፈልግም። ፉሩሽካውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀነስሽ በሁለት ሳምንት ጨርሺው።

አብረን ስንበላ ማጉረስ ወጋችን ነው፤ ማታ ማዕድ ቀርቦ እሷ ጥግ ሆና ስታይ አንጀት አይችልም፣ ይገባኛል። ግን እንጀራ ስታርች ነው። ስታርች ሳይፈጭ ዕውር አንጀቷ ሲደርስ፣ እርሾ ቆሻሻ ነገር ሲገባበት እንደሚበላሽ ሁሉ፣ እዚያ ያለው መብላላት ይበላሻል፤ ጋዝ ይሞላል፣ አንጀቱም መንቀሳቀሱን ያቆማል። ቤተሰቡ ማጉረስ ካማረው አንድ የድንብላል ቅጠል በእጁ ይያዝላት። ወተትና ቅቤም አይነካካት፤ ጥንቸል ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ናትና አታስገድፏት።

ድርቆሽ እምቢ ስትል ደግሞ አንድ የማይደረግ ነገር አለ፦ ማስራብ። በሬ ጭድ እምቢ ቢል ሲርበው ይበላዋል ተብሎ ይተዋል። ጥንቸል ላይ ይህ አይሠራም። አንጀቷ የሚንቀሳቀሰው ከኋላ የሚገፋው ምግብ ሲኖር ነው፤ ግማሽ ቀን ባዶ ከዋለ ይቆማል፣ ጉበቷም ይጎዳል። ይልቅ በዘዴ አስለምጂያት። አልፋልፋውንና ድርቆሹን ለየብቻ ካስቀመጥሽ መርጣ ትበላለች፤ ሁለቱንም በአጭሩ ቆራርጠሽ በእጅሽ አማስሺው። ሌላው ደግሞ ጥንቸል የምትጸዳዳበት ቦታ አንድ ነው፣ እዚያ ተቀምጣም ማኘክ ትወዳለች። ድርቆሹን በካርቶን አድርገሽ ከዚያው ጎን አኑሪው። ጠዋትና ማታ ትናንት የተረገጠውን አንስተሽ አዲስ ጨምሪ፣ ቀኑን ሙሉ ምንጊዜም ከፊቷ አይጥፋ። መጠኑ የራሷን አካል የሚያህል ክምር ይሁን፤ ከዕለት ምግቧ ከአምስት እጅ አራቱ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ተጨማሪ ነው።

እዚህ ላይ ጥርሷንም አንርሳ። የጥንቸል ጥርሶች 28 ናቸው፤ ሁሉም ዕድሜ ልካቸውን ያድጋሉ፣ የፊተኞቹ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል። የሚሞረዱት ሻካራ ሳር ወዲያና ወዲህ እያሸች ስታኝክ ነው። ፉሩሽካና ዳቦ ሳይታኘክ ስለሚዋጥ የኋላ ጥርሶቿ ጫፋቸው እየሾለ ምላሷንና ጉንጯን ይወጋታል። ታዲያ ድርቆሽ የምትተወው ስለማይጥማት ነው ወይስ ስለሚያማት? አገጯ ሥር ጸጉሩ ረጥቦ ካገኘሽው፣ ምግብ አንስታ መልሳ ከጣለችው፣ ወይም ካሮቱንም በዝግታና በአንድ ጎን ብቻ ካኘከችው ነገሩ ከጥርስ ነው፤ ሐኪም አፏን ይያት።

ጎጃም ውስጥ ሆኖ የጥንቸል ምግብ አጣሁ ማለት ያስቸግራል። ከውጭ የሚመጣው የታሸገ ድርቆሽ የትኛው ይሻላል እያሉ የሚጽፉልኝ የአዲስ አበባ ሰዎች አሉ፤ አንቺ ደጅሽ ላይ አለልሽ። በጥቅምትና በኅዳር ሳሩ ሳይጠወልግ ታጭዶ የደረቀ ድርቆሽ ከሁሉ ይበልጣል። ገበያ ላይ ስትመርጪ ከእስሩ መሐል እጅሽን አስገብተሽ ጭብጥ ሳብ አድርጊ። አረንጓዴነቱ ገና ያልጠፋ፣ ሲያሸቱት የሳር መዓዛ ያለው ይሁን። ስታራግፊው አቧራ የሚያስነጥስ ከሆነ፣ ነጭ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካለበት፣ ወይም የምድር ቤት ሽታ ከሸተተሽ ሻጩ ቢምል እንኳ አትግዢው፤ ሻጋታ ነው። ነጥቶ የጠወለገው መርዝ ባይሆንም ምግብነቱ ያለቀ ነው።

ደሾ ሳር በየእርከኑ ላይ ተተክሏል፤ እርጥቡም ደረቁም ይሆናታል። ሮደስ የሚባለው ሳርም እንደዚሁ። ከዝሆኔ ሳር ቅጠሉን እንጂ ወፍራም አገዳውን አትወደውም። በጮቄ ተራራ በኩል ዘመድ ካለሽ አጃ መሳዩ እህል እንግዶ ሳያፈራ በአረንጓዴነቱ ታጭዶ ቢደርቅላት ሸጋ ድርቆሽ ይወጣዋል። ማገጥ ከሳሩ ጋር ተቀላቅሎ ቢመጣ አይጎዳም፤ ግን እሱም የአልፋልፋ ዘመድ ስለሆነ ለብቻው አታብዢው። የጤፍ ጭድ ለስላሳ ስለሆነ መኝታዋ ይሁን፣ እዚያው ሆና ብትቀነጥሰውም ደግ ነው። ዋና ምግብ ግን አይሆንም፤ ከእህል የተረፈ ገለባ ፕሮቲኑም ቫይታሚኑም አነስተኛ ነው።

ለክረምቱ ከአሁኑ ተዘጋጂ። ዳለቻ ሁለት ኪሎ ተኩል ትመዝናለች ብንል በቀን 150 ግራም ያህል ድርቆሽ ትበላለች፤ ረግጣ የምታባክነውን ጨምረሽ 200 ግራም ያዢ። ለአራት ወር 24 ኪሎ ነው። ሰኔ ሳይገፋ ከገዛሽው ዋጋውም ደህና ነው፣ ሐምሌ ላይ የምታገኚው የረጠበ ነው። መሬት ላይ አታስቀምጪው፤ ቆጥ ላይ ወይም በእንጨት ከፍ አድርገሽ፣ አየር በሚያስገባ ከረጢት። ዩሪያ የነበረበት ከረጢት ግን አይሁን።

እርጥብ ሳር ክረምት ላይ መስጠት ትችያለሽ፤ ዝናብ የነካው ሳር በራሱ አይገድላትም። የሚገድላት ታጭዶ ተከምሮ የሞቀው ነው። እጅሽን ከክምሩ መሐል ስታስገቢ ሙቀት ከተሰማሽ መብላላት ጀምሯልና ለላሞቹ ተዪው። አንቺ ለዕለቱ የሚበቃትን ብቻ እጨጂ፣ ቤት ውስጥ በትነሽ ውኃውን አራግፊለት፣ ከደረቁ ጋር ቀላቅለሽ ስጪ። በጋውን ሙሉ ደረቅ ስትበላ ከርማ በአንድ ቀን እርጥብ ሳር እንዳታጠግቢያት፤ እሱም በልክ በልኩ ይለመዳል። የከብት ኩበትና የውሻ ዓይነ ምድር ካለበት ቦታም አትጨጂ።

ቅጠላ ቅጠል በቀን ሁለት ወይም ሦስት እፍኝ ይበቃታል። ድንብላል፣ በሶብላ፣ ሰላጣ፣ የካሮት ቅጠል ዋናዎቹ ይሁኑ፤ ካሮቱን ራሱን ሳይሆን ቅጠሉን። ካሮት ስኳር ስላለው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አንድ ቀጭን ቁራጭ በቂ ነው። የሀበሻ ጎመንና ጥቅል ጎመን ሲበዛ ሆድ ይነፋል፣ ጥቂት ይሁን፣ በተከታታይ ቀንም አይሁን። ቆስጣ ኦክሳሌት የሚባል ከካልሲየም ጋር የሚጣበቅ ንጥረ ነገር ስላለው አልፎ አልፎ ብቻ። ደግሞ አንድ አዲስ ነገር ስታስለምጂ አንዱን ብቻ፣ ጥቂት አድርገሽ፣ ከዚያ ሁለት ቀን በጠጧን እያየሽ። ሦስት ዓይነት አንድ ላይ ካስጀመርሽ የቱ እንዳመማት አታውቂም።

በእናንተ አገር በቆሎ ሞልቷል፤ አረንጓዴ ቅጠሉና የእሸቱ ልባስ ለጥንቸል ድግስ ነው። ፍሬው ግን ስታርች ነው፣ ቆሎውም እሸቱም አይሰጣት። ቅጠሉን ስትቆርጪ ለተምች የተረጨበት ማሳ አለመሆኑን ባለቤቱን ጠይቂ። ማጠብ ብቻውን ሁሉንም ኬሚካል አያስለቅቅም።

ከማይነኩት ዋናው አቮካዶ ነው፤ ፍሬውም ቅጠሉም ልጣጩም መርዟ ነው። ከቡሬ እስከ እናንተ ድረስ በየጓሮው ስላለ ለይቼ አነሳሁት። የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ አረንጓዴ የሆነ ድንች፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬ ባቄላ፣ ጤና አዳምም አይሁን። ግብጦ ሰው እንኳ ለቀናት በውኃ ዘፍዝፎ መራራውን አስለቅቆ ነው የሚበላው፤ ለጥንቸል ጨርሶ አይታሰብ። በየአጥሩ ካሉት ደግሞ ጉሎ፣ እንዶድ፣ አጠፋሪስና የወፍ ቆሎ አሉ። ዳለቻን ግቢ ውስጥ የምትለቂያት ከሆነ ዳር ዳሩን አንድ ዙር ዞረሽ እዪው። የከብት ማድለቢያ የሆኑት አተላና ፋጉሎም የእሷ አይደሉም።

ተመጥኖ የተዘጋጀ የጥንቸል መኖ በፍኖተ ሰላም አይገኝም ብለሽ ያዘንሽበት ቦታ አለ። አትዘኝ። ላደገች ጥንቸል ጥሩ ድርቆሽና ዓይነቱ የተለያየ ቅጠል ካገኘች ግዴታ አይደለም። ምናልባት ከሌላ ቦታ ካገኘሽ ለአንድ ኪሎ ክብደቷ በቀን ከ25 ግራም አይብለጥ። በምትኩ የዶሮ መኖ እንዳትሰጫት ግን አደራ፤ አሰሩ ትንሽ፣ ስታርቹ ብዙ ነው፣ በአንዳንዱም ውስጥ ኮክሲዲያ ለሚባለው የዶሮ አንጀት ተባይ የሚጨመረው መድኃኒት ጥንቸልን ይመርዛታል።

ውኃ? በደንብ ትጠጣለች። ጎረቤትሽ ያሉት ብዙ ቦታ የሚነገር ነው፤ እርጥብ ሳር ብቻ የምትበላ ጥንቸል ስትጠጣ ብዙም ስለማትታይ የመጣ ይመስለኛል። አንዲት ጥንቸል ለአንድ ኪሎ ክብደቷ በቀን ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ትፈልጋለች። ድርቆሽ በበዛ ቁጥር ውኃውም ይበዛል፣ ውኃ ካጣች ድርቆሹ አንጀቷ ውስጥ ይደርቃል። ከባድ ጣባ አድርጊላት፣ እንዳትደፋው። በየቀኑ ይቀየር።

የምግብ ለውጡን ከጀመርሽ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን መዝኛት። ሰፈራችሁ ያለ ሱቅ ሚዛን ላይ በቅርጫት አድርገሽ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፊው። ጎኗንም ዳብሺ። የጎድን አጥንቷ ከጸጉሩ ሥር በጣትሽ ሊታወቅሽ ይገባል፣ ሊወጋሽ ግን አይገባም። ጨርሶ ካልተገኘ ወፍራለች፤ ፉሩሽካውን ቶሎ ጨርሺ። አጥንቷ ከሾለና ሚዛኑ በየሳምንቱ ከወረደ ደግሞ አልፋልፋውን አትቀንሺ፣ ሐኪም አማክሪ። ከርማ አርጅታ ብትከሳም ጥቂት አልፋልፋ ሊመለስላት ይችላል፤ በደንብ የተያዘች ጥንቸል ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ትኖራለች። ካረገዘች ወይም ካጠባችም እንዲሁ። ወንድ ጥንቸል ጎረቤት ካለ ግን አስቢበት፤ እርግዝናዋ አንድ ወር ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ፦ ለግማሽ ቀን ምንም ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች፣ ሆዷ ከተወጠረ፣ ጥግ ይዛ ጥርሷን ካፋጨች ያኔውኑ ተነሺ። ክሊኒክ ስትሄጂ የጣለችውን ጥቂት በላስቲክ ቋጥረሽ ያዢ፣ ዕድሜዋን፣ ክብደቷንና ከአንድ ወር ወዲህ የበላችውን በወረቀት ጽፈሽ አቅርቢ። የወረዳ ክሊኒክ የሚውለው ከከብትና ከበግ ጋር ስለሆነ ጥንቸል ብዙም አይመጣለት ይሆናል። መርፌም ሆነ የሚዋጥ ነገር ሲታዘዝ «ዶክተር፣ ይህ ለጥንቸል ይሆናል?» ብለሽ መጠየቅ ነውር የለውም። በደህና ጊዜም አንድ ቀን ወስደሽ ጥርሷንና መቀመጫዋን አሳያቸው።